የሶትጎል ወረፋ

የመጀመሪያው በር የተሰበረው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሃንሶል ድምፁን የሰማው ከኮረብታው ሥር በተተከለችው የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሬድዮ ነበር። መጀመሪያ መዶሻው፣ ቀጥሎ የእንጨቱ ስንጥቅታ፣ ከዚያ የአንዲት ሴት ጩኸት ተሰማ። ጩኸቱ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ከቤት ቁጥር አሥራ ሁለት ጎን ያለችው ነጥብ ቀይ ሆነች። ቀይ ማለት ሥራ ላይ ነን ማለት ነው።

ቀኑ የኖቬምበር የመጨረሻው ቀን ነበር። በሴኡል ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ሰውን ከቤቱ መጣል በሕግ ክልክል ነው። እንግዲህ ዛሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያልተነካ ቤት እስከ ማርች ተረፈ ማለት ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ነበር። ይህን ሰዓት በሶትጎል ኮረብታ ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ነዋሪውም ያውቀዋል፣ ብረትና ጋሻ ይዞ የመጣው ቅጥረኛም ያውቀዋል።

ሃንሶል ግን ከሁሉም ይበልጥ ያውቀው ነበር። ከቀሩት አሥር ቤቶች በአንዱ ውስጥ አክስቱ ኦክቡን ነበሩ። እናቱ ከሞተችበት ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የሰው ሸሚዝ እየሰፉና እየተኮሱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ልጃቸው ለእሽግ አመላላሾች ፕሮግራም የሚጽፍ ይመስላቸዋል። ውሸትም አልነበረም፤ ፕሮግራሙን መጀመሪያ የጻፈው ለእሽግ ነበር። ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያስተማረው ሰው የለም፤ በአክስቱ የልብስ መተኮሻ ሱቅ ጀርባ፣ በእንፋሎቱ መሀል ተቀምጦ ራሱን አስተማረ። ኋላ ኮረብታውን ለአዲስ ሕንፃ የሚያስለቅቀው አፍራሽ ኩባንያ መጣና «እሽግን ከቤት ቤት የሚያደርስ ነገር ሰውን ከቤት ለማስወጣትም ይሆናል» አለው። ሆነም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሥራዎቹ በወረፋ ይቆማሉ፤ ለእያንዳንዱ ክብደት ይሰጠዋል። በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አይሄድም፤ ምክንያቱም ቤት ለማስለቀቅ የፍርድ ቤት አስፈጻሚ በቦታው መቆም አለበት፣ ለዚህ ኮረብታ የተመደቡት አስፈጻሚዎችም ሁለት ብቻ ናቸው። ቅጥረኞቹ ስልሳ ቢሆኑ፣ መቶ ቢሆኑ ለውጥ የለውም። ከሁለቱ የአንዱ ረዳት በስልኩ «ጨረስን» ወይም «አልቻልንም» ብሎ ሲጫን ቦታው ይለቀቃል፤ ከቆሙት መሀል ከባዱ ይገባል።

ክብደቱን የሚሰጠው የቅጥረኞቹ አለቃ ሜንግ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ሃንሶል ዝርዝሩን ሲከፍት የአክስቱ ቤት ከታች ሁለተኛ ሆኖ አገኘው። የመጨረሻው የጉክ ዱሺክ ቤት ነበር። ዱሺክ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ናቸው። አክስቱን ሃያ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየመጡ «መኪናሽ ደህና አደረች ወይ?» የሚሉ፣ መኪናዋ ደህና ብታድርም ተቀምጠው ገብስ ሻይ የሚጠጡ ሰው ነበሩ። ሃንሶል ቁጥሮቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ለአክስቱ የዱሺክን ክብደት፣ ለዱሺክ የአክስቱን ሰጠ። ሁለት ቁጥር ነው፤ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ አልወሰደም። ሜንግ ሲገባ ዝርዝሩን ገረፍ አድርጎ አይቶ «እናስነሳው» አለ።

ከሁለቱ ቦታዎች አንዱን የሰፈሩ ፀሎት ቤት ጣራ ያዘው። አሥራ አንድ ነዋሪዎች ራሳቸውን በሰንሰለት ከውኃ ጋኑ ጋር አስረው፣ ጋዝ ሲሊንደር አጠገባቸው አቁመው ተቀምጠዋል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳይመጡ የሚደፍራቸው የለም። ያ ሥራ እስከ ማታ እንደማያልቅ ሁሉም ተስማምቶበታል። ስለዚህ የቀረው ወረፋ በሙሉ በአንዲቱ ቦታ ብቻ፣ አንድ በአንድ ሊያልፍ ግድ ሆነ።

ሃንሶል ስሌቱን አስልቶ ነበር። ለአንድ ቤት አንድ ሰዓት ከሩብ ቢወስድ የአክስቱ ቤት አይደረስበትም። የቅጥረኞቹን ጡንቻ ግን አሳንሶ ገምቶ ኖሯል። ቁጥር አሥራ ሁለትን በአርባ ደቂቃ ጨረሱ። ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ ሰውየው የፈላ ውኃ ከመስኮት ደፋ፤ አንድ ቅጥረኛ ፊቱን ይዞ እያጓራ ተንከባለለ። ባልደረቦቹ በሩን ከነመቃኑ ገንጥለው ሰውየውን በፀጉሩ ይዘው በደረጃው ላይ አወረዱት፤ ጭንቅላቱ እያንዳንዱን ደረጃ ሲመታ በሬድዮው ይቆጠር ነበር። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ቁጥር ሠላሳ ላይ አንዲት አሮጊት በጥርሷ የአንዱን አውራ ጣት ይዛ አልለቅም አለች፤ በጋሻ ጠርዝ ጥርሷን አረገፉላት። ሃያ ስምንት ደቂቃ።

ሜንግ በየመሀሉ እየገባ ስክሪኑን ያያል። «ዛሬ ጠራርገን ነው የምንወጣው፣ ዶክተር» ይለዋል። ሃንሶል ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ «ዶክተር» የሚለው ለመቀለድ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከአክስቱ በፊት የቀሩት ሦስት ቤቶች ብቻ ሆኑ። ሃንሶል ያን ጊዜ ነው ከድጡ ወደ ማጡ የገባው። ቁጥር አርባ አንድ የሚባል፣ ሰው ከለቀቀው ዓመት ያለፈው ባዶ ቤት አለ። እሱን ከዝርዝሩ ራስ አስገባና ትእዛዙ ለማንም እንዳይላክ አደረገ። ያልተላከ ትእዛዝ አያልቅም፤ የማያልቅ ሥራ ደግሞ ቦታውን አይለቅም። ስክሪኑ ላይ አርባ አንድ ቀይ ሆነች። ሁለቱም ቦታዎች ተያዙ፣ ወረፋው ቀጥ አለ። ቀጥ ብሎም ይቆይ ነበር፣ ሰው ዓይን ባይኖረው ኖሮ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሜንግ በሩን በእግሩ ከፈተው።

«አርባ አንድ ላይ ማነው ያለው?»

«ሁለተኛው ቡድን መሰለኝ፣ አለቃ።»

«መሰለኝ? ሁለተኛው ቡድን እዚህ ደጅ መሬት ላይ ተዘርፍጦ ሲጋራ ያጨሳል። አስፈጻሚው መኪና ውስጥ ኪምባፕ እየጎረሰ ነው። አርባ አንድ ላይ ጅን ነው የላክኸው?»

«ስልኩ ተሰናክሎ ይሆናል፤ መልስ አልመጣም፣ ስለዚህ...»

ሜንግ ሬድዮውን ጨብጦ መንጋጋው ላይ አሳረፈበት። ሃንሶል ከነወንበሩ ወደቀ። አፉ በደም ተሞላ፤ አንድ ነገር በምላሱ ላይ ተንከባለለ፣ ሲተፋው ጥርስ ነበር። ሜንግ በአንገትጌው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው፤ እንደ ዕቃ።

«አሁን ጻፍ» አለው። «አሥር ደቂቃ አንድም ድምፅ ያላሰማ ሥራ ይባረራል። ስልኩ ይጠይቅ፣ 'አሁንም እየሠራችሁ ነው?' ይበል። ያልመለሰ ይውጣ፣ የሚቀጥለው ይግባ። ጻፍ፣ አያለሁ።»

ሃንሶል ጻፈ። ደሙ ከአገጩ ወደ ቁልፎቹ እየተንጠባጠበ ጻፈው፤ ስድስት መስመር ነው። በደንብ ጻፈው ደግሞ፤ እጁ መጥፎ መጻፍ አያውቅም ነበር። ሲጨርስ አርባ አንድ ከስክሪኑ ጠፋች፣ ወረፋውም እንደገና ይፈስ ጀመር።

ከዚህ በኋላ በማሽኑ ውስጥ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ገባው። ቦታውን ይዞ የሚያቆየው እውነተኛ ሥራ ብቻ ነው፤ እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ በር ላይ፣ ሳይወድቅ የቆመ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ሽንት ቤት ገብቶ ለዱሺክ ደወለላቸው።

«አጎቴ፣ ሃንሶል ነኝ። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ እርስዎ ጋ ይመጣሉ።»

«ማን ነገረህ?»

ሃንሶል የሽንት ቤቱን በር ቆለፈ።

«እኔ ነኝ የምልካቸው» አለ።

ከወዲያ በኩል መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ሳቅ መጣ። «አንተ ውሻ! ትልቅ ሰው ሆነሃላ! እስቲ ጥሩ ጫማ ያላቸውን ላክልኝ፤ ደረጃዬን ውኃ ደፍቼበት በረዶ ሠርቷል፣ ልጆቹ እንዳይንሸራተቱ።» ሳቁ ቆመ። «ታዲያ ለምን ትነግረኛለህ?»

«ከእርስዎ ቀጥሎ አክስቴ ናት። እርስዎ እስከ አሥራ አንድ ከአሥራ አራት ከያዙልኝ አይደርሱባትም።»

«ኦክቡን።»

«አዎ።»

«ምሳ በልታለች?»

«አላውቅም፣ አጎቴ።»

«አታውቅም። ሰው ስትልክ ታውቃለህ፣ አክስትህ መብላት አለመብላቷን አታውቅም።» ዕቃ ሲጎተት ተሰማ፤ ከባድ ብረት ነው። «ሁለት ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ወታደር ቤት እያለሁ ከዚህ የባሰ ቆሜያለሁ፣ ያውም ለማላውቀው ጄኔራል። በል ዝጋው፣ ሥራ አለብኝ።»

ቁጥሮቹን ስለመለዋወጡ አልነገራቸውም። ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ስልኩ ተዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዱሺክ ቤት ቀይ ሆነ። ቤታቸው ከላይ ነው፤ የሚወጣበት በውጭ በኩል ባለ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ ሃያ ሁለት ደረጃ። ከላይ ዱሺክ ዕድሜ ልካቸውን ያከማቹትን አሮጌ የስፌት መኪና ራስ ደርድረው ጠበቋቸው። የድሮ መኪና ራስ ድፍን ብረት ነው፣ አሥራ ሁለት ኪሎ። የመጀመሪያውን ሲለቁት የመሪውን ጋሻ ለሁለት ከፍሎ ጉልበቱ ላይ አረፈ፤ የአጥንቱ ድምፅ በሬድዮ ቢሮ ድረስ መጣ።

«ማነው የሚቀጥለው?» ሲሉ ተሰሙ። «ስፌት ያለው ይምጣ! ዛሬ በነፃ ነው!»

አሥር ሰዓት ሆነ፤ ቀዩ ነጥብ አልተነቃነቀም። በየአሥር ደቂቃው የአስፈጻሚው ረዳት ስልክ ይጠይቃል፣ ረዳቱ «እየሠራን ነው» ብሎ ይጫናል። ሃንሶል እያንዳንዷን አሥር ደቂቃ እንደ ጉርሻ ዋጣት። ከዚያ ግን የሬድዮው ድምፅ ተለወጠ። ስድብ ቀረ። የተሰበረ ጉልበት፣ የተቀጠቀጠ ትከሻ፣ ዓይኑ የፈሰሰ አንድ ወጣት ቅጥረኛ ቆጥረው ነበር፤ አሁን የሚሰማው የሚያለከልኩ ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ነው። ሜንግ «የእሳት ማጥፊያ ንፉና በጭሱ ግቡ» አለ። የእሳት ማጥፊያው ዱቄት ሲነፋ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሳል፣ ቀጥሎ ብረት በሥጋ ላይ።

ሃንሶል ወደ ስክሪኑ ተወርውሮ የዱሺክን ቤት ከዝርዝሩ ሰረዘ። ተሰረዘ። ነጥቧ ግን ቀይ ናት። እንደገና ሰረዘ። ከዝርዝሩ የሚሰረዘው ያልጀመረ ሥራ ነው፤ የጀመረው በዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ወጥቷል፣ ሰዎች ሆኖ ደረጃ እየወጣ ነው። የተላከን የሚመልስ ቁልፍ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ አልነበረም። ሲጽፈው ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አላሰበውም፤ እሽግ ከወጣ ወጣ ነው።

ሬድዮው ላይ «አቁሙ! ተውዋቸው!» ብሎ ጮኸ። የሰማው የለም። ጃኬቱን ሳይለብስ ኮረብታውን ሽቅብ ሮጠ።

ሲደርስ ሠላሳ ሰው ደረጃው ሥር ታምቋል፤ መሬቱ በነጭ ዱቄት ተሸፍኗል፣ በዱቄቱ ላይ ደሙ እንደ ቀለም ተዘርቷል። ዱሺክ አሥራ አምስተኛው ደረጃ ላይ ነበሩ። ግንባራቸው ተከፍቶ አንድ ዓይናቸው ተደፍኗል፤ ግራ እጃቸው ተንጠልጥሏል፣ በቀኛቸው የመኪና መርገጫ ብረት ይዘዋል። ሃንሶል በሰው መሀል ተሹለክልኮ አንዱን ከኋላው በወገቡ ያዘው፤ አንድ ቧንቧ ክንዱ ላይ አረፈና ክንዱ ባልነበረው ቦታ ታጠፈ። ወደቀ፤ በላዩ ረገጡት። በሰው እግር መሀል ቀና ሲል ዱሺክ አዩት።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉት።

«አሥር ተኩል! አጎቴ፣ ይበቃል፣ ይውረዱ!»

«ገና ነው በለኛ» አሉና ፊታቸውን መለሱ።

ከደቂቃዎች በኋላ ነው የሆነው። አንድ ትከሻው የሰፋ ሰው፣ የራስ ቁሩ የወለቀበት፣ በደረጃው ጠርዝ ተጠግቶ ቧንቧውን በሁለት እጁ አነሣ። የመጀመሪያውን ዱሺክ በብረታቸው መለሱት። ሁለተኛው ጆሯቸው በላይ አረፈ። አልጮኹም። ቆመው የነበሩት ሰው በአንድ ጊዜ ልብስ ብቻ የሆኑ መሰለ፤ ከደረጃው በጎን በኩል ወርደው ከታች ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። በመጀመሪያ ወደ ኋላ የሸሸው የመታቸው ሰው ራሱ ነበር።

አሥር ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ነበር። ሃንሶል በጉልበቱ እየተሳበ ሲደርስባቸው ያልተደፈነው ዓይናቸው ተገልጦ ነበር፤ የሚያየው ግን አልነበረም። አስፈጻሚው ግድግዳ ይዞ አስመለሰ። ፖሊሶች መጥተው «ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ» አሉ። ሜንግ «ሰዎቼን ወደ ሌላ ቤት ልውሰድ» ቢል፣ አንዱ ፖሊስ ደረቱን በመዳፉ ገፍቶ አቆመው።

ከዚያ በዚያ ፀጥታ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የአስፈጻሚው ረዳት፣ መነጽራም ሰው፣ ስልኩን አውጥቶ አየው። «አሁንም እየሠራችሁ ነው?» ይላል ስልኩ። ሰውየው ሬሳውን አየ። ጨረስን እንዳይል ቤቱ አልተለቀቀም። አልቻልንም እንዳይል ሜንግ ዓይኑን አፍጥጦበታል። በአውራ ጣቱ «እየሠራን ነው» የሚለውን ተጫነ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ተጫነ። ሃንሶል የተሰበረ ክንዱን አቅፎ፣ የዱሺክን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰውየው ሲጫን ቆጠረው። አራት ጊዜ። በአራተኛው ፀሐይ ከማዶው ሕንፃ ጀርባ ወርዳ ነበር፤ ወረፋው በሰዓቱ በራሱ ተዘጋ። የአክስቱ ቤት ነጥብ ነጭ እንደሆነች ቀረች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለው የለቅሶ አዳራሽ፣ ሃንሶል ክንዱን በጀሶ ተጠቅልሎ፣ ጥቁር ሱሪ ለብሶ መጣ። ከዱሺክ ፎቶግራፍ ፊት ሁለት ጊዜ ሰገደ፤ በአንድ እጅ መስገድ አስቸጋሪ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ሊደፋ ነበር። ከፎቶግራፉ ጎን የዱሺክ ልጅ ናሬ ቆማለች፤ የአውቶቡስ ሹፌር ናት፣ ፀጉሯ ላይ ነጭ ሪባን አስራለች። አክስቱ ኦክቡን ለለቀስተኛው ቀዩን የሥጋ ሾርባ ያቀርቡ ነበር።

«የደወልኩላቸው እኔ ነኝ» አላት ናሬን።

«አውቃለሁ። ለእኔም ደውሎልኝ ነበር። 'ዛሬ ለኦክቡን ዘብ ነኝ' ብሎ ሲስቅ፣ ጠጥተህ ነው ወይ አልኩት።» ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ለእሱ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ከሆነ የመጣኸው፣ ወዶ ነው የቆመው። ሂድ ሾርባህን ብላ።»

«አይደለም። የማታውቂው አለ። ወረፋው ላይ የምትቀድመው አክስቴ ነበረች። አባትሽ መጨረሻ ነበሩ። ላይደረስባቸው ይችል ነበር። ጠዋት ቁጥሩን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አልነገርኳቸውም።»

ሳህን ወደቀ። አክስቱ ከኋላው ቆመው ኖሯል። ሾርባው እግራቸው ላይ ፈሶ አልተሰማቸውም። መጥተው በመዳፋቸው አፉን መቱት፤ ጥርሱ በወለቀበት በኩል። እንደገና መቱት። ስድሳ ዓመት ብረት መተኮሻ የጨበጠ እጅ ነው።

«ማን ለመነህ?» አሉት። «ማን አትርፈኝ አለህ? እኔ ነኝ? አፌ ነው የለመነህ? እነሱን አንተ ነህ የምትልካቸው? አንተ ነህ?»

ሃንሶል እጁን አላነሣም። ደም በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን ነካው። በመጨረሻ ናሬ የአክስቱን እጅ አንጓ ያዘች።

«ይበቃዎታል፣ አክስቴ። እጅዎ ይጎዳል።» ወደ እሱ ዞረች። «የአባቴ ቤት አልፈረሰም» አለች። «ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁት፣ በሩም አልተነካ። ማርች ሲገባ የማን ቤት ይቀድማል?»

«የእናንተ። ተጀምሮ ያላለቀ ሥራ ወደ ወረፋው ራስ ይመለሳል። እንደዚያ ነው የጻፍኩት።»

«ሂድና ፕሮግራሙን አጥፋዋ።»

«ትናንት ማታ አባረውኛል። የመግቢያ ቃሉንም ቀይረውታል። አሁን ያለ እኔ ይሠራል።»

ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ ሽማግሌዎቹ ካርታ ጨዋታቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። ናሬ የቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች።

«እኔ እዚያ ቤት ልገባ ነው» አለች። «ዕቃዬን በዚህ ሳምንት አስገባለሁ። በማርች የመጀመሪያው ቀን ሲመጡ አልወጣም። አንተም ትመጣለህ። ላይ አይደለም፣ እኔ አጠገብ አይደለም፤ ከታች፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ትቆማለህ። እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት አንተ ጋ ይደርሳሉ።»

«እሺ» አለ ሃንሶል።

«ደዋይ አልፈልግም። ሰው ነው የምፈልገው።»

«እሺ።»

አክስቱ ወለሉን ለመጥረግ ጨርቅ ይዘው ተንበርክከው ነበር። ሃንሶል አጠገባቸው ተንበርክኮ በደህና እጁ የተሰበረውን ሳህን ሊለቅም ሲዘረጋ፣ እጁን ገፉት። እንደገና ዘረጋ፣ እንደገና ገፉት። ሦስተኛ ጊዜ ሲዘረጋ ግን አልገፉትም፤ ፊታቸውን ወደ ፎቶግራፉ መልሰው ወለሉን መጥረጋቸውን ቀጠሉ።